የወል ድራይቨርና የኮምፒዩተር ስክሪን

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር ለአንባቢዎች የተዘጋጀ)



ሰው የሚገለገልበትን መሣሪያ ጠባይ ያላወቀ እንደ ሆነ፣ ደኅናውን ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፤ የተበላሸውንም ደኅና ነው ብሎ ሲደክምበት ይኖራል። በዚህም ሆነ በዚያ የሚባክነው ገንዘብና ጊዜ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ ከሚገኙት መሣሪያዎች ውስጥ ይህን የመሰለው ስሕተት አዘውትሮ የሚደርስበት ኮምፒዩተር ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን ከኮምፒዩተር ጉዳዮች አንዱን ብቻ መርጠን፣ ይኸውም በስክሪኑ ላይ የምናየው ሥዕል እንዴት እንደሚገኝ፣ ለማናቸውም ዓይነት ኮምፒዩተር እንዲያገለግል ተብሎ የተሠራው ድራይቨርም እስከ ምን ድረስ እንደሚረዳን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ነገሩን ባየሁት ታሪክ ልጀምረው። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከልዩ ልዩ ቦታ የተሰባሰቡ፣ ዕድሜአቸውም ዓይነታቸውም የማይመሳሰል ሦስት ኮምፒዩተሮች ነበሩ። በቫይረስ ምክንያት በውስጣቸው የነበረው ሁሉ ተደምስሶ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ከተጫነባቸው በኋላ፣ በሦስቱም ስክሪን ላይ ፊደሉ ገዝፎና ደብዝዞ፣ ሥዕሉም ወደ ጎን ተለጥጦ ታየ። ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያንቀሳቅሱት እየተቆራረጠ ይከተላል፤ ፊልም ሲከፍቱበትም እየቆመ ይሄዳል። የተጠራው ጠጋኝ አይቶ፣ «የግራፊክስ ካርዳቸው ተቃጥሏል፤ አዲስ ይገዛ» አለ። የግዢው ደብዳቤ ተጽፎ ለፊርማ በቀረበ ጊዜ፣ በዚያው ክፍል የሚሠራ አንድ ወጣት ጸሐፊ ወደ ኃላፊው ቀርቦ፣ «ጋሼ፣ ካርዱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህንንስ ደብዛዛ ሥዕል ማን ያሳየን ነበር?» ሲል ጠየቀ። ኃላፊውም ፊርማውን አቆየ። የዚህ ወጣት ጥያቄ የዛሬው ንግግራችን መሠረት ነውና፣ መልሱን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው።

በመጀመሪያ የስክሪኑ ሥዕል ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሸማኔ ጥለቱን አንድ አንድ ክር እየቈጠረ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ በስክሪን ላይ የሚታየው ፊደልም ሆነ ፎቶግራፍ የሚሠራው ፒክሰል ከሚባሉ ደቃቅ ነጥቦች ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚገኘው ስክሪን በወርዱ 1,920፣ በቁመቱም 1,080 ነጥቦች አሉት። አንዱን በሌላው ስናበዛው 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ለያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን የሚያመለክት 4 ባይት ብንመድብለት፣ አንዱ ሥዕል ብቻ 8,294,400 ባይት ይፈጃል። እንዲህ ያለው ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳልና፣ በየእድሳቱ አዲስ ሥዕል ማቅረብ የሚያስፈልግ ቢሆን፣ በያንዳንዱ ሴኮንድ 498 ሚሊዮን ባይት ያህል መጻፍ ግድ ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ከባድ ሥራ ዋናው ፕሮሰሰር ብቻውን እንዳይሸከመው፣ ለሥዕል ሥራ ብቻ የተመደበ ሌላ ክፍል ተሠርቶለታል። ይኸውም የግራፊክስ ካርድ የሚባለው ነው። በአንዳንዱ ኮምፒዩተር ራሱን ችሎ የሚሰካ ካርድ ሲሆን፣ በሌላው ደግሞ ከዋናው ፕሮሰሰር ጋር በአንድነት ተሠርቶ ይገኛል። ይህ ክፍል እጅግ ብዙ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ማስላት ስለሚችል፣ መስመር ማስመርን፣ ሥዕል ማንቀሳቀስን፣ የታመቀ ፊልም መፍታትንና የመሳሰለውን ሥራ ከዋናው ፕሮሰሰር ይልቅ በቀለለ ድካም ይፈጽማል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ይጀምራል። ኢንቴል፣ ኤ.ኤም.ዲ. እና ኤንቪዲያ የተባሉት ኩባንያዎች የሚሠሩአቸው ካርዶች ትእዛዝ የሚቀበሉበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዱ ኩባንያ ራሱ አምና የሠራውና ዘንድሮ የሠራው እንኳ ይለያያል። አንዱ ካርድ «ይህን ሥዕል ወደዚያ አዛውር» የሚለውን ትእዛዝ በአንድ ዓይነት ቍጥር ሲቀበል፣ ሌላው ያንኑ ቍጥር ጭራሽ አያውቀውም፤ ወይም ለሌላ ነገር ይተረጕመዋል። እንግዲህ በሥርዓተ ክወናውና በካርዱ መካከል ቆሞ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያስተላልፍ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ያ አስተርጓሚ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ «መስኮት ክፈት» ሲል፣ ድራይቨሩ ያንን ቃል ካርዱ በሚያውቀው ቋንቋ መልሶ ይነግረዋል።

አሁን አንድ ነጋዴ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር ገበያ ገባ እንበል። ዕቃውን በጣቱ ያሳያል፤ ዋጋውን በጣቶቹ ቈጥሮ ያመለክታል፤ ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል። በዚህ ዓይነት እንጀራ ገዝቶ ይበላል፤ ማደሪያም ያገኛል። ነገር ግን በዚያው አገር ዳኛ ፊት ቀርቦ ልከራከር ቢል፣ ወይም የውል ወረቀት ላጽፍ ቢል፣ የጣት ምልክት አያደርሰውም፤ ያን ጊዜ የአገሩን ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ አስተርጓሚ ግድ ያስፈልገዋል። ለሁሉም ካርድ የሚሆነው ድራይቨርም እንደዚሁ በጣት ምልክት የሚነጋገር ነጋዴ ነው። በሰዋስው ትምህርት አንድ ስም ለብዙዎች ሲሆን የወል ስም እንደምንለው፣ እኛም ይህን ድራይቨር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የወል ድራይቨር እንለዋለን። ለአንድ ዓይነት ካርድ ተለይቶ የተጻፈውን ደግሞ የካርዱ የራሱ ድራይቨር እንለዋለን።

ይህ የጣት ምልክት ማለት የጋራው ስምምነት ከየት እንደ መጣ ጥቂት ታሪክ መናገር ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ባወጣ ጊዜ ሁለት ዓይነት የስክሪን ካርዶች አብረው ወጡ። አንደኛው ጽሕፈት ብቻ የሚያሳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲ.ጂ.ኤ. የተባለው ቀለም ያለው ሥዕል የሚያሳይ ነበር። በ1982 ሄርኩለስ የሚባል ሌላ ካርድ መጣ፤ በ1984 ደግሞ ኢ.ጂ.ኤ. ተከተለ። በዚያ ዘመን ሥርዓተ ክወናው በዚህ ነገር ብዙም ስለማይረዳ፣ ሎተስ 1-2-3ን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ለየካርዱ የሚሆን ድራይቨር ራሳቸው ይዘው መምጣት ነበረባቸው። አዲስ ካርድ የገዛ ሰው፣ ፕሮግራሙ ያንን ካርድ ካላወቀው ገንዘቡን በከንቱ አፈሰሰ ማለት ነበር።

በ1987 አይ.ቢ.ኤም. ቪ.ጂ.ኤ. የተባለውን አወጣ። ይህም በወርዱ 640፣ በቁመቱ 480 ነጥቦችን በ16 ቀለም የሚያሳይ ሲሆን፣ ለአንዱ ሥዕል 153,600 ባይት ብቻ ይበቃው ነበር። ሌሎች ኩባንያዎች ይህንኑ አስመስለው መሥራት ስለ ጀመሩ፣ ቪ.ጂ.ኤ. ማንም ሳያውጀው የሁሉ የጋራ ቋንቋ ሆነ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሙሉ ማናቸውም አዲስ ካርድ በራሱ ቋንቋ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ በቪ.ጂ.ኤ. ሲያናግሩት ይመልስ ነበር።

ሆኖም ከቪ.ጂ.ኤ. የሚበልጥ ሥዕል ማሳየት የተቻለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ኩባንያ እንደ ገና በየራሱ መንገድ ሄደ። ይህ መለያየት ለማንም እንዳልጠቀመ ታውቆ፣ በ1989 የስክሪንና የካርድ ሠሪዎች ቬሳ የተባለውን ማኅበር አቋቁመው፣ ከ800 በ600 ነጥብ ጀምሮ ለሁሉም የሚሆን ደንብ አወጡ። በ1994 የወጣው ሁለተኛው ደንብ ደግሞ የሥዕሉ ነጥቦች ሁሉ በሜሞሪ ውስጥ በአንድ ተርታ ተደርድረው በቀጥታ እንዲጻፉ ስለ ፈቀደ፣ የድራይቨር ጸሐፊዎች ሥራ እጅግ ቀለለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ተፎካካሪዎች በጥቂቱም ቢሆን በመስማማታቸው ተጠቃሚው ሁሉ ተረፈ።

ዛሬ ይህን የጋራ ስምምነት የሚጠብቀው ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የተባለው ደንብ ነው። ኮምፒዩተሩ ገና መብራት እንዳገኘ የሚነቃው ፈርምዌር፣ በካርዱ ላይ ወይም በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ በተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም እየተረዳ ስክሪኑን ያበራል። ከዚያም ለሥርዓተ ክወናው፣ «ነጥቦቹ የሚጻፉት በዚህ የሜሞሪ አድራሻ ነው፤ ወርዱ ይህን ያህል፣ ቁመቱም ይህን ያህል ነው፤ የቀለሙም ተራ እንዲህ ነው» የሚል አጭር መግለጫ ትቶለት ይሄዳል። የወል ድራይቨር የሚያውቀው ይህንን መግለጫ ብቻ ነው። ካርዱ የማን እንደ ሆነ አይጠይቅም፤ በተነገረው አድራሻ ላይ ነጥብ እየጻፈ ሥዕሉን ያሳያል። ዊንዶውስ ከ2012 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ የሚባለውን፣ ሊኑክስም ከ2021 ጀምሮ ሲምፕል ዲ.አር.ኤም. የሚባለውን ለዚሁ ሥራ አዘጋጅተው ይዘዋል።

ይህም ነገር ለእኛ ለፊደላችን የተለየ ጥቅም አለው። በቪ.ጂ.ኤ. የጽሕፈት ሥርዓት ካርዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የፊደል ቅርጽ እንደ ደንቡ 256 ብቻ ነበር። ለላቲን ፊደል ይህ ከበቂ በላይ ነው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ፊደላትና አኃዞቹ ሲጨመሩበት፣ ከነዚህም ጋር የላቲን ፊደል ይኑር ሲባል ቦታው አይበቃም። ሥዕሉ በነጥብ የሚጻፍ በሆነ ጊዜ ግን ካርዱ ፊደል ማወቅ የለበትም፤ ፕሮግራሙ «ሀ»ን እንደ ሥዕል ይነድፈዋል፤ ካርዱም ነጥቦቹን ያሳያል። ስለዚህ የወል ድራይቨር ምንም ደካማ ቢሆን፣ ግእዝንም ሆነ ሌላውን ፊደል ያለ አድልዎ ያሳያል።

እንግዲህ የወል ድራይቨር ይህን ያህል ከረዳን ለምን በእርሱ ብቻ አንኖርም የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ፣ የጣት ምልክት ለግብይት እንጂ ለክርክር አይበቃም የሚለው ነው። የወል ድራይቨር ካርዱ ውስጥ ያሉትን ብዙ ሠራተኞች የሚያዝበት ቋንቋ ስለሌለው፣ ሥዕሉን ሁሉ የሚነድፈው ዋናው ፕሮሰሰር ይሆናል። ባለ እጅ አስተዳዳሪ አንጥረኞቹን ሁሉ አስቀምጦ ራሱ መዶሻ እንደ መያዝ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ፊልም ይቆራረጣል፤ ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ በተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ሥርዓተ ክወናው ሥራውን አንዴ ከተረከበ በኋላ፣ የወል ድራይቨር የስክሪኑን መጠን እንደ ልብ መለወጥ አይችልም፤ ፈርምዌሩ በተወለት ላይ ይጸናል። ሁለተኛ ስክሪን ለብቻው ማዘዝ፣ በብዙ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተሮችም ላይ የብርሃኑን መጠን ከፍና ዝቅ ማድረግ ወይም ኮምፒዩተሩን አስተኝቶ መቀስቀስ ያስቸግረዋል። የነዚያ ሦስት ኮምፒዩተሮች ሥዕል ወደ ጎን የተለጠጠውም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ስክሪኑ ሰፊ ሲሆን፣ ፈርምዌሩ የተወላቸው ግን ለጠባብ ስክሪን የተሠራውን 1,024 በ768 ነጥብ ነበርና።

የወል ድራይቨር ጨርሶ የማይሠራበት ጊዜም አለ። ከላይ እንደ ተገለጸው ስምምነቱ በየዘመኑ ተለውጧል። ባዮስ በሚባለው በቀድሞው ፈርምዌር ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ የወል ድራይቨር፣ ባዮስን ትቶ በዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ብቻ በሚነሣ ኮምፒዩተር ላይ የሚያናግረው አያገኝም። እንደዚሁም የዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. ትንሽ ፕሮግራም የሌለው አሮጌ ካርድ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካ፣ ካርዱ ደኅና ሆኖ ሳለ ስክሪኑ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን ስሪ.ዲ.ኤፍ.ኤክስ. የተባለው ኩባንያ በ1996 ያወጣው ቩዱ የሚባለው ካርድ ነው። ይህ ካርድ ለጨዋታ ሥዕል እጅግ ፈጣን ነበር፤ ነገር ግን የቪ.ጂ.ኤ.ን የጋራ ቋንቋ ከቶ አልያዘም፤ ተራውን ሥዕል የሚያሳይ ሌላ ካርድ ከጎኑ እንዲኖር ያስፈልግ ነበር። በ2000 መጨረሻ ኩባንያው ወድቆ ንብረቱን ኤንቪዲያ ሲገዛ፣ እነዚያ ካርዶች ለኋለኞቹ የዊንዶውስ ዓይነቶች ድራይቨር የሚጽፍላቸው ባለቤት አጡ። ብረቱ አልሞተም፤ ቋንቋውን የሚናገርለት ግን ጠፋ።

አንባቢዎች ሆይ፤ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የኮምፒዩተር ዕድሜ የሚለካው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ድራይቨሩን የሚጽፍለት ሰው እስካለና የካርዱ ቋንቋ እስከ ታወቀ ድረስ ነው። ለምሳሌ በጥቅምት 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11፣ ካርዱ ዳይሬክትኤክስ 12 ለተባለው ደንብ የሚስማማና በዚያው ልክ የተጻፈ ድራይቨር ያለው እንዲሆን ይጠይቃል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 14 ቀን 2025 ቆሞበታል። ስለዚህ ገና ብዙ ዓመት መሥራት የሚችል ኮምፒዩተር፣ ሠሪው «ለዚህ ካርድ አዲስ ድራይቨር አልጽፍም» ባለ ጊዜ ከሰልፉ ይወጣል። ኮምፒዩተርን አምስትና ስድስት ዓመት ከሠራ በኋላ ከሌላ እጅ ለሚገዛ ሰው ወይም በስጦታ ለሚቀበል ትምህርት ቤት ይህ ተራ ነገር አይደለም።

በዚህ ረገድ ኩባንያዎቹ የሄዱበት መንገድ የተለያየ ነው። ኤ.ኤም.ዲ. በ2007 የካርዶቹን ቋንቋ የሚያስረዱ ሰነዶች ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ፤ ኢንቴልም ለሊኑክስ ግልጽ የሆነ ድራይቨር ሲያዘጋጅ ኖሯል። በዚህም ምክንያት ሠሪው የረሳውን አሮጌ ካርድ ሌሎች ሰዎች ተከታትለው ሊያድሱት ቻሉ። የኤንቪዲያን ካርዶች ቋንቋ ግን ኩባንያው ስላልገለጠው፣ በጎ ፈቃደኞች ካርዱ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ እያዩና እየመዘገቡ ኑቮ የተባለውን ድራይቨር ጻፉ፤ ይህም በ2010 ከሊኑክስ ጋር ተዋሐደ። ይሁን እንጂ ከ2014 ወዲህ በወጡት በርካታ የኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ፍጥነትን የሚቈጣጠረው ክፍል የኩባንያው ፊርማ ያለበትን ፕሮግራም ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ስለ ተሠራ፣ ኑቮ ለብዙ ጊዜ ካርዶቹን በዝቅተኛው መነሻ ፍጥነት ብቻ ማስኬድ ግድ ሆነበት። በ2022 ኩባንያው ለአዳዲሶቹ ካርዶች የድራይቨሩን አንዱን ክፍል ለሁሉ ገልጦ አወጣ፤ ይህም መልካም እርምጃ ነው። ምስጢር መጠበቅ የነጋዴ መብት መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን የምስጢሩን ዋጋ ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው የመጨረሻው ባለ ንብረት መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንመለስ። ስክሪኑ የታመመ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሕመሙ ከካርዱ ይሁን ወይም ከድራይቨሩ ለመለየት የሚከተለውን ያድርግ።

አንደኛ፣ ዊንዶውስ ገና ሳይነሣ የሚታየውን የፈርምዌር ገጽ ይመልከት። በዚያን ጊዜ የዊንዶውስ ድራይቨር ገና ሥራ አልጀመረም። ሥዕሉ በዚያ ላይ እንኳ ከተሰነጣጠቀ ወይም በማይገባው ቦታ ባለ ቀለም ነጠብጣብ ከበዛበት፣ ሕመሙ የካርዱ፣ የገመዱ ወይም የስክሪኑ ነው። መጀመሪያ ርካሹን፣ ማለት ገመዱን፣ ለውጦ ይሞክር። የፈርምዌሩ ገጽ ንጹሕ ሆኖ፣ ዊንዶውስ ሲነሣ ብቻ ሥዕሉ የሚታወክ ከሆነ ግን ድራይቨሩን ይጠርጥር።

ሁለተኛ፣ ሴፍ ሞድ በሚባለው የጥንቃቄ መንገድ ኮምፒዩተሩን ያስነሣ፤ በሊኑክስ ከሆነም በማስነሻው ትእዛዝ ላይ ኖሞድሴት የሚለውን ቃል ይጨምር። በሁለቱም መንገድ የካርዱ የራሱ ድራይቨር ተትቶ የወሉ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ደብዛዛ ቢሆንም የተረጋጋ ሥዕል ከታየ፣ ሕመሙ በይበልጥ የሚያመለክተው ወደ ድራይቨሩ ነው። ሥዕል ለሥራ ሲበረታ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን ካርዱ እየጋለ ወይም እየደከመ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚህ ፈተና ብቻ መፍረድ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ዲቫይስ ማኔጀር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ የካርዱን ስም ይመልከት። በዚያ ላይ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከተጻፈ፣ ያ የካርዱ ስም አይደለም፤ የካርዱ የራሱ ድራይቨር እየሠራ አለመሆኑንና ቦታውን የወሉ መያዙን የሚገልጥ ነው። የካርዱን እውነተኛ ማንነት ለማወቅ እዚያው የሚገኘውን መለያ ቍጥር ያንብብ። የሠሪው ቍጥር 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 1002 ከሆነ ኤ.ኤም.ዲ.፣ 10ዲኢ ከሆነ ኤንቪዲያ ነው። ከርሱ ቀጥሎ ያለው ቍጥር ደግሞ የካርዱን ዓይነት ለይቶ ይናገራል። ስም ሊያሳስት ይችላል፤ ይህ ቍጥር ግን ሥርዓተ ክወናው ራሱ ድራይቨሩን የሚመርጥበት ምልክት ነው።

አራተኛ፣ ድራይቨሩን ከካርዱ ሠሪ፣ ከኮምፒዩተሩ ሠሪ ወይም ከዊንዶውስ ራሱ ይቀበል እንጂ፣ «ሁሉን ድራይቨር በነጻ እናድላለን» ከሚሉ ማንነታቸው ካልታወቀ ሰዎች አይውሰድ። ድራይቨር በኮምፒዩተሩ ልብ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ ክፉ ሰው የጻፈው እንደ ሆነ ለሌባ የቤት ቍልፍ እንደ መስጠት ነው። የድራይቨሩም ዓይነት ከሥርዓተ ክወናው ጋር መስማማቱን ያረጋግጥ፤ ለባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጻፈ ድራይቨር በባለ 64 ቢቱ ላይ አይሠራምና።

አምስተኛ፣ ኮምፒዩተሩን ደምስሶ እንደ አዲስ ከመጫን አስቀድሞ የካርዱንና የኔትዎርኩን ድራይቨር በፍላሽ ላይ ያስቀምጥ። የወል ድራይቨር ሥዕል ያሳየዋል፤ የኔትዎርኩ ድራይቨር ከጠፋ ግን ሌላውን የሚያመጣበት መንገድ የለውም። ልዩ ልዩ ዓይነት ኮምፒዩተሮች ያሉት መሥሪያ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ደግሞ የእያንዳንዱን መለያ ቍጥር በአንድ ደብተር ላይ ቢመዘግብ፣ የሚወስድበት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን የብዙ ቀን ድካም ነው። አዲስ ወይም አሮጌ ኮምፒዩተር ለመግዛት የሚያስብም ሰው «ስንት ሜሞሪ አለው?» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ «ለካርዱ ድራይቨር ዛሬም ይዘጋጅለታልን?» ብሎ ይጠይቅ።

በመጨረሻ የነዚያ የሦስት ኮምፒዩተሮች ነገር ምን እንደ ሆነ ሳንናገር አንለፍ። ወጣቱ ጸሐፊ መለያ ቍጥራቸውን አንብቦ ሲመረምር፣ የሁለቱ ካርዶች ድራይቨር ከሠሪዎቻቸው ዘንድ ተገኘ፤ በተጫነላቸውም ጊዜ ፊደላቸው ጠርቶ፣ ሥዕላቸውም በልኩ ሆኖ ታየ። ሦስተኛው እጅግ ያረጀ ስለ ነበር ለዚያ የዊንዶውስ ዓይነት የተጻፈለት ድራይቨር አልተገኘም። እርሱ በወሉ ድራይቨር እንደ ረጋ ደብዳቤ መጻፊያ ሆኖ ተመደበ፤ ዛሬም ደብዳቤ ይጻፍበታል። የግዢው ወረቀት ግን ሳይፈረም በመዝገቡ ውስጥ ቀረ። በሦስቱም ውስጥ የተቃጠለ ካርድ አልነበረም።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የወል ድራይቨር በችግር ቀን ብርሃን የሚሰጥ ኩራዝ ነውና ሊናቅ አይገባውም፤ ስክሪናችን ጨርሶ እንዳይጨልም ያደረጉልን፣ ተፎካካሪዎች ሳሉ በአንድ ደንብ የተስማሙት ሠሪዎች ናቸው። በሌላው በኩል ግን የወሉ ድራይቨር የሚያሳየን ሥዕል የካርዱ ሙሉ ችሎታ አይደለም፤ በርሱ ብቻ አይቶ ካርዱን ደካማ ነው ወይም ሞቷል ብሎ መፍረድ፣ ቋንቋችንን የማያውቅ እንግዳ በጣቱ ሲያመለክት አይቶ ዲዳ ነው እንደ ማለት ይቈጠራል። ስለዚህ አንባቢዎች ሆይ፣ ስክሪናችሁ የደበዘዘ እንደ ሆነ፣ ለግዢ ከመፈረማችሁ በፊት የወጣቱን ጸሐፊ ጥያቄ አስታውሱ፤ ካርዱ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ይህንንስ ማን ያሳየን ነበር?